በረላም ወይዋስፍ፦ ስለ ጕድጓዱ ማር

በዚህ ዓምድ እስካሁን ስንሄስ የከረምነው የራሳችንን ጓደኞች ግጥምና አጭር ልቦለድ ነው። አንዳንዶቹ ተቀይመውናል፤ አንዱማ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘን ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ዛሬ የሚቀየም ደራሲ የሌለበት፣ ዕድሜው ከ470 ዓመት በላይ የሆነ መጽሐፍ ይዘን ቀርበናል። እንደምታዩት ግን በዚህም ቢሆን ሰው ሳናስቀይም አልቀረንም።

ወደ መጽሐፉ ከመግባታችን በፊት ለምን እንዳነሣነው እንናገር። በግቢያችን በር ፊት ለፊት ላስቲክ አንጥፈው መጻሕፍት ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ ጎራ ያለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ስለ «ውስጣዊ ሰላም» የሚያወራ መጽሐፍ ሞልቷል። ሽፋኑ ላይ ከዛፍ ሥር እግሩን አነባብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው አለ። ውስጡ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሳብ፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚባረር፣ ምኞት እንዴት እንደሚሞት ይነገራል። ከህንድና ከቻይና ጠቢባን ተለቃቅሞ፣ በእንግሊዝኛ ተጨምቆ፣ ከዚያ በጥድፊያ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ያስቃል። ስቀን ግን አናልፈውም፤ የሚገዛው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነዋ።

እንቅልፍ ካጡት አንዱ ከእኛው መካከል ነው። ስሙን አንጠራም። አገሩ ጃቢ ጠህናን ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ። ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» ማለት መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተርጎም ድፍረት ይሆንብናል። የዱሮ ስሟ ወጀት እንደነበር አባቶች ያወሱናል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ስሟም ከዚያ ጉዞ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚች የሰላም መንገድ ላይ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ማሰራጫዎች የሆስፒታል ኃላፊ ጠቅሰው ዘግበዋል። ጓደኛችን በዚያ ዕለት ከተማው ውስጥ ነበር። ምን እንዳየ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የምናውቀው ወደ ትምህርት ከተመለሰ በኋላ ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከእነዚያ መጻሕፍት ባንዱ እንደተጻፈው፣ ትንፋሹን ከአንድ እስከ ዐሥር እየቆጠረ፣ እንደገና ከአንድ እየጀመረ ማደሩን ነው። ከወራት በኋላ «ገዳም መግባቴ ነው» አለን።

ጥያቄውን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። አንድ ቀን የመጽሐፉን ሽፋን እያሳየ «ይኸ ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ እኛ አገር መጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣው ልጅ «መጥቷል እንጂ፤ ስሙን ቀይሮ ነው» አለው። በረላም ወይዋስፍን ማንበብ የጀመርነው እንዲህ ነው።

መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም ነው፤ ዓመቱ 1553 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ አፄ ገላውዴዎስ። እንባቆም ትውልዱ የመን ሲሆን ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብቶ፣ መንኵሶ፣ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ የጻፈ ሊቅ ነው። እኛ ያነበብነው ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ያሳተመውን ነው፤ አንዱ ቅጽ ግእዙን፣ ሁለተኛው መግቢያውንና የእንግሊዝኛውን ትርጉም የያዘ ነው። ፎቶ ኮፒ አንሥተን፣ ቅኔ ቤት የነበረው ልጅ ግእዙን ሲፈታልን ሌሎቻችን እንግሊዝኛውን ይዘን «ኧረ እዚህ ጋ ሌላ ይላል!» እያልን እየተጨቃጨቅን ጨረስነው። በአብዛኛው የተረታነው እኛ ነን።

ታሪኩ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ አድርጎ ዐረብኛ ገባ፤ ከዐረብኛ ጆርጂያዎች ወሰዱት፤ ከእነሱ ግሪኮች፤ ከግሪክ እንደገና ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ፣ በመጨረሻም ወደ ግእዝ። ቦዲሳትቫ (ወደ መንቃት በመጓዝ ላይ ያለ ሰው እንደማለት ነው) ዐረብኛ ላይ ቡዳሳፍ ተባለ። በዐረብኛ የ«በ»ና የ«የ» ፊደል በቃል መነሻ ላይ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቧ ስትሳት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ። ግሪኮች ዮአሳፍ አሉት፤ እኛ ይዋስፍ አልነው። አንዲት የቀለም ጠብታ ለቡድሃ የክርስትና ስም አወጣችለት ማለት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ነገሩን አጥርተው ያሳዩት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የግሪኩም የሮማውም ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ቆጥረው ሲያከብሩት ኖረዋል።

ይኸን ስናውቅ መጀመሪያ የተሰማን ኩራት ነበር። በሩ ላይ የሚሸጠው ሁሉ ከእኛ ዘንድ ከ470 ዓመት በፊት ነበረ ብለን ፎከርን። ኩራት ግን ሂስ አይሆንም። እንዲያውም ጠጋ ብለን ስናየው የመጣው ቡድሃ በመንገድ ላይ ብዙ ዕቃውን ጥሎ፣ ሌላ ጭኖ የመጣ ቡድሃ ነው። የጣለውንና የጫነውን መለየት የሐያሲ ሥራ ነው።

በህንዱ ትውፊት የንጉሡ ልጅ ከግቢ ሲወጣ አራት ነገር ያያል፤ ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ ሬሳና መናኝ። በግእዙ መጽሐፍ ንጉሡ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ አረመኔ ነው፤ ልጅህ ይመንናል የሚል ትንቢት ስለሰማ ልጁን ሐዘን በማይደርስበት ቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ከዕለታት አንድ ቀን ሲወጣ ለምጻምና ዕውር ያያል፤ በሌላ ጊዜ ሽማግሌ። ሬሳ አያይም። ሞትን የሚነግሩት አሽከሮቹ ናቸው፤ እሱም የሚሰማው በወሬ ነው። አራተኛው፣ መናኙ፣ መንገድ ላይ በመታየት ፋንታ ነጋዴ መስሎ፣ ዋጋው የማይገመት ዕንቍ አለኝ ብሎ በር አስከፍቶ ይገባል። እሱ በረላም ነው። በኪነት ረገድ ይኸ ለውጥ ትልቅ ትርፍ አምጥቷል፤ በህንዱ ታሪክ ዝም ብሎ ያለፈው መናኝ እዚህ አፍ አውጥቶ፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ እየደረደረ መምህር ሆኗል። የመጽሐፉም ውበት ያለው ከምሳሌዎቹ ላይ ነው። የጠፋው ደግሞ ሬሳው ነው። ጓደኛችን እዚህ ላይ ስንደርስ «ሬሳ ሳያይ ነው እንዴ የመነነው?» ብሎ መጽሐፉን ዘጋ። የዚያን ዕለት ንባብ እዚያው ላይ ቆመ።

ከምሳሌዎቹ አንዱን ብቻ እናንሣ። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ሥሩን ሲያይ ሁለት አይጦች፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ ዛፉን እየገዘገዙ ነው። ታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እግሩን ካሳረፈበት ዘንድ አራት እባቦች ራሳቸውን አውጥተዋል። ቀና ሲል ከቅርንጫፉ ማር ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ አውሬውንም አይጡንም ዘንዶውንም ረስቶ ማሩን ይልሳል። በረላም ራሱ ይፈታዋል፤ አውሬው ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ ዘንዶው ሲኦል፣ ማሩ የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። ምሳሌው በህንዶቹ ማሃባራታ ውስጥም ይገኛል፤ ቶልስቶይም ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ኑዛዜ ውስጥ አንሥቶታል።

ቅኔ ቤት የነበረው ጓደኛችን በበረላም ይበሳጫል። «ሰሙን ነግሮ ወርቁን ለምን ይፈታዋል? የዋሸራ ሰው ቢሆን ማሩን ብቻ ሰጥቶህ ይሄድ ነበር» ይላል። እኛም እንስማማለን። ምሳሌው ራሱን ችሎ ቢቆም የት በደረሰ! የፍችው ዝርዝር አንባቢውን እንደ ሕፃን እጁን ይዞ ይጎትተዋል። ይኸ ሐሳብ በመጽሐፉ ላይ ያለን የመጀመሪያው ሂስ ነው፤ ከባዱ ግን ይኸ አይደለም።

ከባዱን ያገኘነው ቡሬ ነው። በዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር ወደ አንዳችን አያት ቤት ሄደን ነበር። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ ናቸው፤ ገዳም ግን አልገቡም። እዚያው ቤታቸው ሆነው ይጾማሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይቈጣሉ። ማታ ቡና ላይ የጕድጓዱን ምሳሌ ነገርናቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «ታዲያ ማሩን ባይልሰው አይጦቹ ይተዉት ኖሯል?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም። ምሳሌው የቆመው ማር መላስ ሞኝነት ነው በሚለው ላይ ነው፤ ሰውዬው ማሩን ቢተው ከጕድጓዱ የሚወጣበት መሰላል ግን በምሳሌው ውስጥ አልተቀመጠም። መሰላሉ በፍችው ውስጥ፣ በስብከቱ ውስጥ ነው ያለው። በረላም ወርቁን የፈታውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምሳሌው ብቻውን ቢተው እንደ እማሆይ ያለ ሰው ሊጠይቀው ነው። ስለዚህ ከላይ የሰነዘርነውን የመጀመሪያውን ሂስ በከፊል እንስበዋለን፤ ቅኔ ቤት የነበረው ልጅ ግን አልሳበም።

የእማሆይ ጥያቄ ሌላም ነገር ከፈተልን። እማሆይ ማርን የሚያውቁት ሲንጠባጠብ አይደለም። በዚያ አገር ማር ቀፎ ተሠርቶ፣ ታጥኖ፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ አደይ አበባ አልፎ ኅዳር ሲደርስ በማታ በጭስ ተወጥቶ፣ ፊትና እጅ ተነድፎ የሚቆረጥ ነው። ተቆርጦም ብዙው ለቤት አይቀርም፤ ቡሬ ገበያ ወርዶ እንደ በርበሬው ሁሉ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈልበታል። መጽሐፉ ማርን ከሰማይ የሚወርድ ጠብታ አድርጎ ማየቱ፣ የተጻፈው ማር ቀርቦለት ለሚልስ እንጂ ማር ለሚቆርጥ ሰው አለመሆኑን ያሳብቃል። ይዋስፍ ሊተው የሚችለው ነገር አለው። ቤተ መንግሥት አለው፣ ዘውድ አለው፣ ግምጃ ቤት አለው። ያለው ይመንን! ሁለት ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ያለው፣ ያንንም በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ የሚያርስ ሰው ምኑን ይተው?

እዚህ ላይ ጓደኛችን አቋረጠን። «እናንተ የምታወሩት ስለ እንጀራ ነው፤ እኔ የምለው እንቅልፍ ነው» አለ። ትክክል ነው። ድሃም እንቅልፍ ያጣል፤ የሚተወው ነገር የሌለው ሰው የሚተወው ፍርሃት አለው። ደግሞም ይኸ መጽሐፍ ወደ አገራችን የገባው ሰው እንቅልፍ ባጣበት ዘመን መሆኑን መርሳት አይገባንም። ግራኝ አሕመድ ከ1529 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1543 ድረስ አገሪቱ በጦርነት ነድዳለች፤ የእንባቆም ገዳም ደብረ ሊባኖስም ተቃጥሏል። መጽሐፉ የተተረጎመው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው፤ የተተረጎመለትም ወጣቱ ገላውዴዎስ ነው። እስቲ አስቡት፤ ዘውዱን ጥሎ ወደ በረሃ ስለሄደ የንጉሥ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ፣ ዘውዱን ከእሳት ውስጥ ላወጣ ንጉሥ! ገላውዴዎስ ግን አልመነነም። በ1559 እ.ኤ.አ. ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። አንብቦት ምን እንዳለ ብናውቅ ይኸን ሁሉ ገጽ ባልጻፍን ነበር።

ለአበሻ አንባቢ ንጉሥ መመነኑ እንግዳ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። አፄ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ እንደመነነ በትውፊታችን ይነገራል። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ ምናኔን በየቀኑ በደጁ ሲያልፍ ያያል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በማርያም ስም ቁራሽ እየለመነ፣ በውሻ እየተነከሰ ቅኔ ፍለጋ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ከቡድሃው መነኩሴ የለማኝ ሳሕን አጠገብ ብናቆመው ወንድማማች ይመስላሉ። ልዩነታቸው ተማሪው ዕውቀት ሲሞላለት ተመልሶ ደብተራ ወይ መሪጌታ ሆኖ ከሰው ጋር መኖሩ ነው።

ይኸም ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። በህንዱ ትውፊት የንጉሡ ልጅ ቤቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ ዓመታት ሙሉ ሰውነቱን በረኀብ ይቀጣል፤ አጥንቱ እስኪቈጠር ይከሳል። ከዚያ በኋላ ይኸ መንገድ አያዋጣም ብሎ አንዲት የገጠር ልጅ ያቀረበችለትን የወተት ገንፎ ይበላል፤ ከዛፉ ሥር የሚቀመጠውም ያን በልቶ ነው። ከነቃ በኋላም እዚያው አይቀርም። ተነሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ 45 ዓመት ያህል በየመንደሩ እየዞረ ያስተምራል። በእኛው መጽሐፍ ገንፎው የለም። መካከለኛው መንገድ የለም። መመለሱም የለም። ይዋስፍ በረላምን ፍለጋ በረሃ ይገባል፣ ያገኘዋል፣ ሥጋውን እስከ መጨረሻ ሲያደክም ኖሮ ይሞታል። ወደ ከተማው የሚመለሰው ሬሳው ነው። ለጫነው ነገር ዋጋ አንነሣውም፤ ለእንባቆምና ለአንባቢዎቹ የተጫነው ሃይማኖታቸው ነበርና። የወተት ገንፎዋ መቅረቷ ግን ያሳዝነናል። ከሽፋኑ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ መብላቱን፣ በኋላም ዓይኑን ገልጦ መነሣቱን በር ላይ የሚሸጡት መጻሕፍትም ብዙዎቹ አይነግሩንም።

መጽሐፉን ያለ ርኅራኄ እንዳንሄሰው ግን የሚያግደን አንድ ቦታ አለ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የበለጠው ቦታ ነው። ይዋስፍ ከመመነኑ በፊት ይነግሣል። ግምጃ ቤቱን ለድሆች ይከፍታል፣ እስረኛ ይጎበኛል፣ ባለዕዳ ነጻ ያወጣል። አባቱ ከሞተ በኋላ በምትኩ ሌላ ንጉሥ ለመሾም ወስኖ ደብዳቤ ትቶ በሌሊት ይወጣል። ሲነጋ ሕዝቡ ይሰማል። ተከትሎት ይሮጣል፣ በየጥሻው ይፈልገዋል፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ደርሶ ይይዘዋል፣ እያለቀሰ ይመልሰዋል። በህንዱ ትውፊት ሕዝብ ከኋላ ሮጦ አይመልስም፤ ያ ሌሊት ጸጥ ያለ ነው። ክርስቲያኖቹ ደራሲዎች ይኸን ሩጫ ሲያስገቡ የራሳቸውን መጽሐፍ የሚሞግት ክስ አስገብተዋል። የሕዝቡ ልቅሶ ጥሩ ተጽፏል፤ የይዋስፍ መልስ ከልቅሶው ያነሰ ነው። አልቀርም ብሎ ይምላል፤ ይሄዳል። ግእዙን ሲፈታልን የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ቅኔ ቤት ሊሄድ ሲነሣ እናቱ እስከ ወንዙ ተከትላው እንደነበር ከዚያ በኋላ ነው የነገረን።

በዚህ ቦታ ላይ ከጓደኛችን ጋር ክፉኛ ተጣላን። እኛ ሕዝቡ ልክ ነው አልን። እሱ «ሕዝቡ ይዋስፍን የፈለገው ለራሱ ነው፤ አንድም ሰው ደኅና ታድራለህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም» አለ። መጽሐፉን ደግመን አየነው። እውነትም የጠየቀው የለም። እኛም ያን ጊዜ እርስ በርስ ተያየን፤ ከነሐሴ ወዲህ ስንቴ ጠይቀነው እናውቃለን?

ሰኔ መግቢያ ላይ አገሩ ሄደ። «ለእርሻ ነው፤ እናቴ ብቻዋን ናት» አለ እንጂ ስለ ገዳሙ አላነሣም። ፎቶ ኮፒውን ይዞ ሄዷል። ለማንበብ ተራ የያዛችሁ ተማሪዎች ስለዚህ ታገሡን፤ ሌላ ቅጂ የለንም። ባለፈው ሳምንት በሰው የላካት ቁራጭ ወረቀት ደርሳናለች፤ ሕዝቡ ይዋስፍን ደርሶ በያዘበት ገጽ ላይ ቡና እንደፈሰሰበት ጽፎ ይቅርታ ጠይቋል። መቼ እንደሚመለስ አልጻፈም።